የመጋረጃችን ባህር

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ከሀገር ቤት ስትደውል ወንድሜ የበቆሎ ዱቄት ከረጢት እየደረደረ ነበር። እጁን በሱሪው ጠረገና እንደ ልማዱ መጋረጃው ፊት ቆመ። ስልኩን እኔ ያዝኩለት።

ስለ መጋረጃው መናገር አለብኝ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ዳር፣ ጻካኔ ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ያለችው ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። ከፊት እንሸጣለን፣ ከኋላ እንተኛለን፤ መሀል ላይ መጋረጃ አለ። ወንድሜ መሀል ከተማ፣ ሀበሻው በሚነግድበት ጂፒ፣ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ያገኘው ሰፊ የባህር ዳርቻ ፎጣ ነው። ሰማያዊ ባህር፣ ሁለት ረጃጅም የአሸዋ ዳርቻዎች፣ ሰማይ የሚነኩ ሆቴሎች፣ ከፊታቸው ትንሽ ደሴት። ከታች የከተማዋ ስም ተጽፎበታል፤ ቤኒዶርም። ስፔን ናት።

እናቴ መጀመሪያ በቪዲዮ ስታየው፣ «ቤታችሁ ባህር አጠገብ ነው እንዴ?» አለች። ወንድሜ ዞር ብሎ ፎጣውን አየ። ከዚያ «አዎ» አለ። ጆበርግ ባህር የላትም። እኛ ጋ ያለው ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ፣ ተራራ ያህል የተከመረ ቢጫ አፈር ነው። ግን አንዴ አዎ ብሏል።

በወረርሽኙ ሳቢያ ከቤት አትውጡ የሚለው ሎክዳውን ሲመጣ በጊዜ እንዘጋ ጀመር። ወንድሜ ትምህርት ያቆመው ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ እኔ አስራ ሁለትን ጨርሻለሁ። «እስኪ ስለ ከተማችን አንብብልኝ» ይለኛል። ከስልኬ እያነበብኩ እተረጉምለታለሁ። ድሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ወንዶቿ ቱና በማጥመድ የታወቁ ስለነበሩ ሩቅ ባህር ድረስ እየተቀጠሩ ይሄዱ ነበር። ሴቶቹ ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ ወንድሜ «እንደኛ» አለ። በሁለቱ ዳርቻዎች መሀል ያለው ቋጥኝ ላይ ከባህር ወንበዴ የሚከላከሉበት ምሽግ ነበር። ዛሬ ነጭ አጥር ያለው አደባባይ ሆኗል፤ ሰው ባህሩን ሊያይ ይወጣበታል። አጠገቡ ጉልላቱ ሰማያዊ የሆነ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሆቴሎቹ የመጡት በኋላ፣ ፈረንጅ ፀሐይ ፍለጋ መጉረፍ ሲጀምር ነው።

ከሁሉ የወደደው የደሴቷን ተረት ነው። አንድ ግዙፍ ሰው ነበረ። የሚወዳት ሴት ፀሐይ ስትጠልቅ ትሞታለች ተባለ። ፀሐይዋ ከተራራው ኋላ ልትገባ ስትል ተራራውን በእግሩ መታው። ጫፉ ተሸርፎ ባህር ውስጥ ወደቀ፤ በሽርፋቱ በኩል ብርሃኑ ትንሽ ቆየ። ቁራጩ ደሴቷ ናት። ለእናቴ ሲነግራት፣ «ለዚያች ለትንሽ ጊዜ ብሎ ተራራ ይሰብራል? ጅል!» ብላ ሳቀች።

ያን እሑድ ግን አልሳቀችም።

«ልጆቼ፣ ከዚያ ውጡ!» አለች። «ራዲዮው ሁለተኛው ማዕበል ደቡብ አፍሪካን መታ አለ!»

ከእናቴ ጋር የምናወራው በሀዲይኛ ነው። አማርኛ የምታውቀው ከራዲዮና ከቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ማዕበል ለሷ ጀልባ የሚያናውጥ ውሃ ነው። ራዲዮው ግን በሽታውን ማለቱ ነበር። በሽታ ነው ብንላት ሌላ ፍርሃት ነው። ባህር የለም ብንላት ደግሞ፣ እንዴት ልበለው፣ እስከዚያ ያልነው ሁሉ ይፈርሳል።

ወንድሜ አየኝ። ሳቁን ዋጠ።

«እማ፣ አትፍሪ። ቤታችን ምሽጉ የነበረበት ቋጥኝ ላይ ነው። ወንበዴ ያልደረሰበት ማዕበል አይደርስበትም።»

እኔም ከስልኩ ጀርባ ጮህኩ፤ «ደሴቷም ትመክትልናለች፣ እማ!»

«አንተ ዝም በል! መዋኘት እንኳ አትችል!»

ያኔ ሳቃችን አመለጠን። ወንድሜ ሲስቅ ሳል ያዘው።

«ይሄ ሳል ምንድነው?»

«የባህር ንፋስ ነው፣ እማ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ዱቄቱ ላይ ተደግፈን ስንስቅ ቆየን።

በማግስቱ አተኮሰው። ትንፋሹ ሲያጥር አንድ ጎረቤት በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። እሱን ከበር ተቀበሉት፣ እኔን መለሱኝ። ከአጥሩ ውጪ ቆምኩ። ፀሐይ በቢጫው ክምር ኋላ ገባች። ተረቱ ትዝ አለኝ ብል ውሸት ነው። የማስበው ሱቁን ቆልፌ ይሁን ሳልቆልፍ መውጣቴን ነበር። ይሄም ያሳፍረኛል። ዳግም አላየሁትም። ከሆስፒታሉ ደውለው አረፈ አሉኝ።

መርዶ ለእናት በስልክ አይነገርም። ለሀገር ቤት ሰፈራችን ሽማግሌ ደወልኩ። በምን ሞተ ሲሉኝ የበሽታውን ስም መጥራት አፈርኩ። የራዲዮውን ቃል አልኳቸው፤ «በሁለተኛው ማዕበል።» እሳቸውም ሰው ይዘው ገና ሳይነጋ እናቴ ቤት ሄዱ፣ እንዳልኳቸውም ነገሯት።

ከሰዓት በኋላ ስልኩን ሰጧት። ከኋላዋ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

«ከፍ ያለ ቦታ ነን አላላችሁኝም?» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ባህሩ መለሰው? አስከሬኑን አገኛችሁት?»

«አገኘነው» አልኩ።

«አንተስ የኔ ልጅ፣ መዋኘት ሳትችል እንዴት ተረፍክ?»

እየወቀሰችኝ አልነበረም። ደስ ብሏት ነው የጠየቀችው፣ በዚያ ሁሉ መሀል አንዱ ስለተረፈላት። ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት መጋረጃውን ከሽቦው አወረድኩት። አጥፌ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ደወልኩና ስልኩን አዞርኩት። ከረጢቶቹን፣ ጎን ለጎን የተነጠፉትን ፍራሾች፣ የመሸጫውን መስኮት የብረት ፍርግርግ አሳየኋት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቤታችን ነው፣ እማ። የሚተኛው እዚህ ነበር። ባህር የለም። ኖሮም አያውቅም። ማዕበል ያሉት በሽታውን ነው፤ ሳሉ እሱ ነበር።»

 ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ፊቷን ለማየት ስልኩን መመለስ ፈራሁ።

መስኮቱ ተንኳኳ፤ አንድ ሰው በአገሩ ቋንቋ ሰላም አለኝ። «ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!»

«ማነው?» አለች እናቴ።

«ደንበኛ ነው።»

 «ታዲያ ስጠው እንጂ» አለች። «ሰው አታስቁም።»

ስልኩን ሳልዘጋ፣ ሁሉም እንዲታያት ከረጢቱ ላይ አቆምኩት። ጭምብሌን አደረግኩና ዳቦውን በፍርግርጉ አሾለኩለት።