ተቀበል የማይባልበት ዘፈን

ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቅዳጅ ላይ ነው። መምህር አልነበረኝም። የወፍጮ ሞተር መፍታትና መግጠም የተማርኩትም ሞተሩን ራሱን ፈትቼ ነው፤ መጀመሪያ መልሼ ስገጥመው ሁለት ብሎን ተርፎኝ ነበር፣ ሞተሩ ግን ከበፊቱ አሳምሮ ዞረ። ግጥም ደግሞ ማንም አላስተማረኝም፤ ወፍጮው ሲዞር ከድምፁ ጋር እየሄደ በራሱ መጣልኝ። ይህን ስናገር ይመካል የሚሉኝ አሉ። ያለኝን ነው የምናገረው፤ የሌለኝን ሌላ ሰው ይናገር።

በጃንሆይ ዘመን በሰበታ አንድ ባንድ ነበር። ሲጀምር አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አኮርዲዮን፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮና ዘፋኙ። ዘፋኙ ቀን ቀን ልብስ ሰፊ ነበር። እሑድ እሑድ፣ በሠርግና በበዓል ይዘፍናሉ። ሰበታ ላይ ሲዘፍኑ እኔ ከፊት ነኝ። ቡራዩ ከተጠሩ በጭነት መኪና ተሳፍሬ እከተላለሁ። ሱሉልታ ከሄዱ እንጦጦን ተሻግሬ ከእነሱ ቀድሜ እደርሳለሁ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወፍጮውን ለማን ጥለህ ነው?» ስትለኝ «ለአንቺ» እላትና እወጣለሁ።

የምከተላቸው ለመስማት ብቻ አልነበረም። ያን ጊዜ ዘፈን የሚሠራው እዚያው፣ ሰው ፊት ነበር። ዘፋኙ አዝማቹን ሁለት ጊዜ ብሎ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር ከሰሚው አንዱ እጁን አንሥቶ «ተቀበል!» ይላል። ዘፋኙም «እሺ ጌታዬ!» ይላል። ሰሚው ግጥሙን ይነግረዋል፤ ዘፋኙ በዜማ አድርጎ ይመልስለታል። በሦስቱ ከተሞች ያ «አንዱ» የተባለው ሰው እኔ ነበርኩ። ሌሎችም ይሞክሩ ነበር፤ ሁለተኛውን ስንኝ ሲፈልጉ ማሲንቆው ይሰለቻቸዋል። አንድ ጊዜ ሱሉልታ ላይ በሣር አጨዳ ሰሞን እንዲህ ብዬ ሰጠሁ፦

የሱሉልታን ሜዳ ሣሩን ማን አጨደው፣
ልቤን እንደ ነዶ አስሬ ልስደደው።

አጫጆቹ ማጭዳቸውን ወደ ላይ አነሡ። ደጋሹ በልቶ የጠገበውን እንግዳ ሁሉ እንደገና ብሉ አለ።

ግጥሙ ሰው ካስቀየመም መድኃኒቱ ቅርብ ነበር። አንድ ባለሱቅ በስስቱ ነክቼው አኮረፈኝ። በሳምንቱ እሑድ ስለ እጁ ሰፊነት ሰጠሁ፤ ሰኞ ጠዋት ራሱ ሰላም አለኝ። የተነገረው ግጥም ከአፍ ወጥቶ አየር ላይ ይቀራል፤ በላዩ ሌላ ይመጣል።

ከዚያ ለባንዱ አዲስ መሪ መጣ። ከአንድ የሠራዊት ኦርኬስትራ የወጣ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሳክስፎን ነፊ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ አኮርዲዮኑ በኦርጋን ተተካ፣ ከበሮው በድራም፣ ክራሩ በኤሌክትሪክ ጊታር። ማሲንቆ መቺው ወደ ዓለም ገና ከተማ ሄዶ ሻይ ቤት ከፈተ። ትራምፔት ነፊና ሁለተኛ ሳክስፎን ተጨመሩ። ሁሉም ጎፈሬያቸውን አሳደጉ፤ ከጉልበት በታች የሰፋ ሱሪ ለበሱ፤ የሰፋላቸውም ያው ዘፋኙ ነው። በእያንዳንዳቸው ፊት የብረት ማቆሚያ፣ በማቆሚያው ላይ ኖታ የሚሉት ወረቀት ተቀመጠ።

እህል ልታስፈጭ የመጣች አንዲት ሴትዮ «ያ የሚነፉት ቆልማማ ነገር ምን ይባላል?» አለችኝ።

«ሳክስፎን።»

«እናቱ የሞተችበት ጥጃ ነው የሚመስለው።»

እውነት ነው ብዬ አብሬያት ሳቅሁ። ግን ሐቁን ልናገር። ከአዲሶቹ ዘፈኖች በአንዱ ላይ ሌላው ሁሉ ዝም ይልና ሳክስፎኑ ብቻውን ጥቂት ይቆያል። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ለባለቤቴም አልነገርኳት።

ወረቀቱ በተዘረጋበት በመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዴ እጄን አንሥቼ «ተቀበል!» አልኩ። ዘፋኙ አየኝ፤ መሪውን አየ፤ ዘፈኑን ቀጠለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ሲጨርሱ ሄድኩና ያዝኩት።

«አልሰማኸኝም?»

«ሰምቼዎታለሁ ጋሼ። ይቅርታዎን፣ አሁን ቦታ የለውም።»

«የምን ቦታ?»

መሪው ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ይመልከቱ ጋሼ። እዚህ ላይ ሳክስፎን ነው። ከዚያ ኦርጋኑ ይገባል። ከዚያ ዘፋኙ፣ ከዚያ ሁላችንም። እርስዎ የሚገቡበት የለም።»

አየሁት። ከወንፊት ያመለጠ ጤፍ መሥመር ላይ የተበተነ ይመስላል። «ይሄን በሁለት ወር አነበዋለሁ» አልኩት፤ ማንበብ እንደምችልም እርግጠኛ ነበርኩ።

«ያንብቡት» አለኝ። «ቢያነቡትም እርስዎ የሉበትም።»

ሦስት እሑድ ቀረሁ። በአራተኛው ሄድኩ። ሌላ ባንድ አልነበረንማ።

ትልቋ ልጄ ለሱሉልታ ታጨች። የሙሽራው ቤተሰብ ደህና ገበሬዎች፣ አማርኛም ኦሮምኛም አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ልጄ «አባባ፣ ባንዱ ይምጣልኝ፤ አዲሶቹን ዘፈኖች ይዝፈኑልኝ» አለችኝ።

«የድሮውን ይዝፈኑልሽ።»

«በማሲንቆ ልዳር ነው የሚሉኝ?»

«እናትሽ በምን የተዳረች ይመስልሻል?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታ «እኔማ እሱ ለዘፋኙ ግጥም ሲሰጥ ሙሽሪትን ረስቷት ነው የተዳርኩት» አለች። በሳቅ ተሸነፍኩና ባንዱ ተጠራ።

እኔ ግን በልቤ አንድ ነገር ይዤ ነበር። ለሰው ልጅ ሁሉ ግጥም ስሰጥ ኖሬ በልጄ ሠርግ ላይ አፌን ዘግቼ ልቀመጥ አልችልም። ሁዳዴን ሙሉ አንዲት ግጥም ሳበጥር ከረምኩ። ሱሉልታ ብርድ ናት፤ ነፋሷ ከእንጦጦ ጀርባ ተነሥቶ አጥንት ድረስ ይገባል። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲደርስ ግጥሟም ደረሰች።

በግቢዬ ዳስ ተጣለ። የሠፈሩ መብራት ለኦርጋኑና ለጊታሩ አቅም ስለማይኖረው ጄኔሬተር አምጥቼ በእጄ ገጠምኩ። የማልወደውን ጩኸት በገዛ እጄ ነዳጅ ቀዳሁለት ማለት ነው። የሙሽራው ወገን መጣ። የልጄ አማት፣ የሙሽራው እናት፣ ከፊት ተቀመጡ። ባንዱ ጀመረ። በሦስተኛው ዘፈን መሀል ኦርጋኑ ብቻውን ሲቀር ተነሣሁ።

«ተቀበል!»

ዘፋኙ የስንት ዓመት ልማዱ ነውና «እሺ ጌታዬ!» የሚለው ከአፉ አመለጠው። ሰጠሁት፦

ብርዳም ናት እያሉ ሱሉልታን ሲያሟት፣
ልጄን እሳት አርጌ ሰድጄ አሞቅኋት።

ዘፋኙ ተቀበለ፤ አሳምሮም ዘፈነው። የባሰው ከኋላው ነበር። ጊታሩ ዘፋኙን ጠበቀ፤ ሳክስፎኖቹ ወረቀቱን ተከተሉ። ትራምፔቱ ቦታዬ ደረሰ ብሎ በግጥሜ መሀል ገባ። ድራሙ አንዴ ከዘፋኙ፣ አንዴ ከወረቀቱ ሲል ቆይቶ ሁለቱንም ተወ። አንድ በአንድ ዝም አሉ። በዳሱ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ጄኔሬተር ብቻ ሆነ። ልጄ በቬሏ ፊቷን ሸፈነች።

መጀመሪያ የሳቁት የልጄ አማት ናቸው። ከዚያ ዳሱ በሙሉ ሳቀ፤ አጨበጨበም። ሰዎች ግጥሙን ይደጋግሙት ጀመር። መሪው ፊቱን እንዳጠቆረ ቆይቶ፣ እንግዳው ሲበተን ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ያችን ግጥም ይጻፉልኝ።»

«ቦታ የለም አላላችሁም?»

«ቦታ እሠራለታለሁ።»

ጻፍኩለት። የእጅ ጽሕፈቴ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ የጻፈው ይመስላል፤ ራሱም ተገርሞ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ከወር በኋላ ሰበታ ላይ ሰማሁት። ሳክስፎኑ ቀድሞ ይገባል፣ ከዚያ የእኔ ግጥም፣ ከዚያ ሁሉም በአንድነት። አምሮ ነበር። የጭነት መኪና ረዳቶች ሳይቀሩ እያንጎራጎሩት ያልፋሉ። ወፍጮ ቤት የሚመጣውን ሁሉ «ይሄን ዘፈን ታውቀዋለህ?» እላለሁ፤ አውቃለሁ ሲለኝ ማን እንደገጠመው እነግረዋለሁ። ከአዲሱ ሙዚቃ ጋር የነበረኝን ጠብ አንድ ወር ያህል ረሳሁት።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ከሱሉልታ ባዶ እጇን መጣች፤ ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«አባባ፣ ያን ዘፈን ያስተዉልኝ።»

«የቱን?»

«የቱን ይሉኛል? አማቴ ካኮረፉኝ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ‹አንቺ ሳትመጪ በዚህ ቤት እሳት አይነድም ነበር?› ይሉኛል። ገበያ ሲወጡ ሴቶቹ ‹ምራትሽ አሞቀችሽ ወይ?› እያሉ ይስቁባቸዋል። ድስት እንኳ አያስነኩኝም።»

«በሠርጉ ቀን እኮ የሳቁት እሳቸው ናቸው።»

«በሠርጉ ቀን አንድ ጊዜ ነበራ! አሁን በየሳምንቱ ነው።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ጊዜ የተባለ ቀልድ ነው፤ ሰው ስቆ ወደ ቤቱ ይገባል። በየሳምንቱ ያለ አንዲት ፊደል ለውጥ ሲደገም ስድብ ይሆናል። የድሮው ባንድ ቢሆን በሳምንቱ እሑድ በሌላ ግጥም እክሳቸው ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ ልለውጠው ቁጭ አልኩ። ሁለት ቁና ጤፍ እስኪፈጭ አልፈጀብኝም፦

ብርዳም ናት እያሉ ሱሉልታን ሲያሟት፣
ልጄ በርዷት ሄዳ አማቷ አሞቀቻት።

ልጄ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ይሄን ካዘፈኑልኝ ድኛለሁ» አለች። እኔም በማግሥቱ ቡራዩ ሄድኩ፤ ባንዱ እዚያ ይጫወት ነበር።

ዘፋኙ ወረቀቴን አንብቦ «ጋሼ፣ ከፊተኛው ይበልጣል» አለኝ።

«እንግዲያው ዝፈነው።»

መሪውን ጠራው። መሪው አነበበና መለሰልኝ። «አይሆንም ጋሼ። ዘፈኑ በሸክላ ሊቀዳ ነው። ሰው በቃሉ ይዞታል።»

«የእኔ ግጥም እኮ ነው!»

«የእርስዎ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ግን አሁን ቢለወጥ ሰው ግር ይለዋል።»

«ልጄ እዚያ እየተቸገረች ነው።»

«የልጅዎን ስም አልጠራንም። ደግሞ እርስዎ አይደሉም እንዴ አዲስ ነገር አልወድም፣ የድሮው ይሻላል የሚሉት? ይኸው የድሮውን እየዘፈንን ነው።»

ለዚህ መልስ አላጣሁም፤ ጥሩ መልስ ነበረኝ። ግን ድራሙ ጀመረና አልሰማኝም።

ሰው መሀል ገብቼ ቆምኩ። ያ ዘፈን ሲደርስ፣ ሳክስፎኑ ጨርሶ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት፣ ባለ በሌለ ድምፄ «ተቀበል!» ብዬ አዲሱን ግጥም ጮህኩ። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፈነ። አጠገቤ የቆመ ባለጎፈሬ ጎረምሳ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«አባባ፣ ተሳስተዋል። ግጥሙ እንደሱ አይደለም።»

«ግጥሙን የገጠምኩት እኔ ነኝ!»

«እሺ አባባ፣ እኔም ነኝ» አለና ሳቀ። አብራው የነበረችው ልጅ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ትክክለኛውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። አንዲት ቃል አልሳተችም። እኔ ሁዳዴን ሙሉ ያበጠርኩትን ግጥም! ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህ አይደለም። ሁሉም በአንድነት ሲገቡ እግሬ ምድሩን እየመታ ነበር። አቁም ብለው አልቆመም።

በሳምንቱ ብቻዬን ሱሉልታ ወጣሁ። የልጄ አማት በር ላይ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠይቀው ተቀበሉኝ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ልጄ ጠላ ቀድታ ሰጠችኝና ከበሩ ሥር ቆመች። እኔም ብዙ ሳልዞር ለግጥሙ እንደመጣሁ፣ ያ አሮጌው እንደተሻረ ነግሬ፣ አዲሱን እንዲሰሙኝ ለመንኳቸው።

ዘፈንኩላቸው። ድምፄ የወፍጮ ድምፅ ነው፤ ግን ግጥሙ ቀጥ ያለ ስለሆነ ድምፅ አይፈልግም። ልጄ አጨበጨበችልኝ። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይድገሙት እስቲ» አሉኝ።

ደገምኩት። «አማቷ አሞቀቻት» ላይ ስደርስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አብረውኝ እያሉ ነበር።

«ይሄ ጥሩ ነው» አሉ። «ይሄ ደህና ግጥም ነው፣ ኦቦ። ባንዱ መቼ ነው የሚዘፍነው?»

«እኔው ዘፈንኩልዎት እኮ።»

«እርስዎማ ዘፈኑ። እኔ የምለው፣ ገበያ ላይ ያሉት ሴቶች የሚሰሙት መቼ ነው?»

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ጠላዬን አነሣሁ።