የአክስቴ ቅናትና የሰጎን እርባታው

አክስቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ባሏ ደግሞ የእንስሳት መኖ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር። በቅናት የሚያህላት የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የባሏን ኪስ ስትበረብር ካሮጌ ደረሰኝ በቀር ያገኘችው ነገር አልነበረም። እሱም ቤት ውስጥ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ካፖርቱ ላይ አንድ ትልቅ ላባ አገኘች።

«የሰጎን ነው» አላት። «ሐሙስ ሐሙስ መኖ የማራግፍበት እርባታ አለ።»

«ሰጎኖቹን የሚጠብቃቸው ማነው?»

«አንዲት ሴትዮ።»

በቃ፣ እንቅልፍ አጣች። በቀጣዩ ሐሙስ የስፌት ቤቷን ቆልፋ ጋቢና ገባች። እኔን የሠላሳ ዓመቱን ጎልማሳ ደግሞ ለምስክርነት መሃል አስቀመጠችኝ።

እርባታው ስንደርስ ሰጎኖቹ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሻግረው ያዩን ጀመር። ጠባቂዋ ቦት ጫማ ያደረገች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ የአክስቴ እኩያ ናት። እፎይ አልኩ። ለካ ቸኩያለሁ! ያ ዝምተኛ ሰውዬ ከመኪናው እንደወረደ ወሬውን ለቀቀው። ስለ ጎማው፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ሟች እናቱ። ጠባቂዋ ባልዲዋን መሬት አስቀምጣ ታዳምጠዋለች። ይስቃል ደግሞ! የአክስቴ ቆሽት አረረ። ሴትዮዋን አቅፏት ብታገኘው ይሻላት ነበር።

በተራራው በኩል ስንመለስ ባሏ ጠመዝማዛውን መንገድ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወጣው። ደመናው ከእግራችን በታች ተዘርግቷል፤ አክስቴ ቀና ብላም አላየችው። አናቱ ላይ ስንደርስ ፈነዳች።

«እኔ ምን አጎደልኩ? ጉልበትህን እንደሚያምህ እንኳ ዛሬ ገና መስማቴ ነው!»

መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። ሞተሩንም አጠፋ።

«ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ» አለ በቀስታ። «እኔ ሳወራ እግርሽን ከፔዳሉ አታነሺም። የስፌት መኪናሽ እየጮኸ ምኑን ትሰሚኛለሽ? ያቺ ሴትዮ ባልዲዋን ታስቀምጣለች።»

በክርክር ተረትታ የማታውቀው አክስቴ እስከ ቤት ድረስ መስኮቱን እያየች አለቀሰች።

አሁን ባሏ በሩን ከፍቶ ሲገባ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች። እሱም ያወራላታል፤ ይበልጡን ስለ ሰጎኖቹ። አንደኛዋ የጃኬቱን ቁልፍ በጥሳ እንደዋጠችበት ትናንት ሲነግረን በሳቅ ሊሞት ነበር።

እሱ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስለዚያች ሰጎን ሲያወራ ፊቱን አየኸው?»