ሦስት ጊዜ እሺ

ወንድሜ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖሮ አንድ ፕሮግራም እንኳ ከፊት ለፊት ተቀምጦ አይቷል ብትሉኝ አላምናችሁም። እሱ ሁልጊዜ ከጀርባ ነው። ክዳኑን ይፈታና እጁን ሽቦ ውስጥ ከትቶ፣ ምስሉን የሚያየው ፊት ለፊት ባስደገፈው መስታወት ነው። ሰፈሩም በዚሁ የተነሳ «ጋሽ መስታወት» ብሎ ሰየመው። እሱ አይከፋውም።

ጠግኖ ሲጨርስ ደግሞ ወዲያው ለባለቤቱ አይመልስም። «ሲግል ነው አመሉ የሚታወቀው» ይልና ስክሪኑን ወደ በሩ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ያቆየዋል። መንገደኛ ነፃ ነገር ሲያገኝ ታውቁታላችሁ! ሰላም ልበል ብሎ ጎራ ያለ ሰውዬ ሁለት ሰዓት ተገትሮ ይቀራል። ጎረቤታችን ድስት ጥዳ ወጥታ፣ ድስቱ ከሰል እስኪሆን እዚያው ቆማ ታውቃለች። ምን እሷን አማታለሁ፣ እኔ ራሴ የሰው ሱሪ አሳጥሬ ላስረክብ ወጥቼ፣ ሱሪውን ታቅፌ ድራማ ስጨርስ ባለቤቱ መጥቶ ከእጄ ወስዶታል።

ወንድሜ አንዲት ልጅ አለችው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች እሱና እኔ ነን ያሳደግናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። እሷና ሁለት ጓደኞቿ ስክሪን ተመልካቹን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ የሚያሳይ የቪዲዮ ፕሮጀክት ታዘዙ። ሰኞ ጠዋት ዕቅዳቸውን ከአጭር ናሙና ጋር ክፍል ውስጥ ማቅረብ ነበረባቸው። «ምን ያስጨንቀናል? አባዬ ሱቅ በር ላይ የሚፈዝ ሰው ሞልቶ የለ!» አለቻቸው። ካሜራውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁመው የተመልካቹን ፊት ሊቀርጹ ነው።

ወንድሜ «ሳይፈቅድ የማንም ፊት አይነሳም» ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን አስፈቀዱ። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር፤ ባለድስቷ ከንፈሯን አቅልታ ከች አለች፣ ሌላው ሸሚዙን ቀይሮ መጣ። ደግነቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ካሜራውን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። የወንድሜ ቀኝ ዓይን ድሮ ሽቦ ወግቶት ጠፍቷል። በደህናው ላይ ደግሞ ሞራ ወጣበትና ሰኞ ሊሠሩለት ቀጠሩት። ያ ቢበላሽ አለቀ፤ ሥራ የለ፣ መንገድ የለ። «ከመግባቴ በፊት የልጄን ፊት አይቼ ልግባ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። ልንገራት ስለው «አንቺ አፍሽን ያዢ፣ እኔ እነግራታለሁ» ብሎ ተቆጣኝ። ዓርብ ማታ «ነገርኳት፣ እሺ ብላለች» አለኝ። እፎይ አልኩ።

ቅዳሜና እሑድ ልጅቱ ዕቅድ እንሠራለን ብላ ጓደኞቿ ዘንድ ከረመች። ስለ ዓይኑ አንዲት ቃል የለ፣ «እንዴት ነህ» የለ። ደሜ ፈላ፤ ግን አፍሽን ያዢ ተብያለሁ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ተቀምጠናል። ወንድሜ ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም። ነርሷ ስትጠራው «የኔ እመቤት፣ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ፣ ልጄ እየመጣች ነው» አላት። ሁለተኛም እንደዚያው። እደውላለሁ፣ ስልኳ ዝግ ነው። በሦስተኛው ጥሪ ተነስቶ ገባ። ትምጣልኝ ብቻ፣ እነግራታለሁ እያልኩ የምናገረውን ስደረድር ቆየሁ።

ክፍል ውስጥ የሆነውን በኋላ ጓደኛዋ ናት ያጫወተችኝ። ናሙናውን ሲመርጡ ሙዚቃ ይገባበታል ብለው ድምፁን ዘግተው የተመልካቹን ፊት ብቻ ነበር ያዩት። ለሙዚቃው ግን ጊዜ አጥተው እንዳለ ይዘውት ቀረቡ። መምህሩ ስልካችሁን ዝጉ አለ፣ ዘጉ፣ ቪዲዮው ተከፈተ። ባለድስቷ አፏን ከፍታ ስትታይ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ምስሉ ጥግ ላይ የኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። የወንድሜ ድምፅ ከካሜራው ኋላ ይሰማል።

«ልጄ፣ ሰኞ ዓይኔን ሊሠሩልኝ ነው።»

«እሺ።»

«አንዱ እንደሆነ ድሮም አያይም። ፊትሽን አይቼ ልግባ ብዬ ነው።»

«እሺ አባዬ።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ትመጫለሽ አይደል?»

«እሺ አልኩህ እኮ!»

ቀና እንኳ አላለችም። ክፍል ውስጥ ልጅቱ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አምስት ሊሆን ነው። ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች።

ስትደርስ ወንድሜ ዓይኑ ታሽጎ አልጋ ላይ ተጋድሟል። እያለከለከች እግሩ ሥር ወደቀች። «አባዬ አልሰማሁህም! አንተን ይንሳኝ፣ አልሰማሁህም!»

«ነይ ተነሺ» አላት፤ ጭንቅላቷን በዳሰሳ አገኘው።

«ለምን ደግመህ አልነገርከኝም?»

«ሦስቴ እሺ አልሽኝ እኮ። አራተኛ መጠየቁ ልመና መሰለብኝ።»

ያን ሁሉ የደረደርኩትን ቁጣ የት እንዳደረስኩት እንጃ። እኔ ደረቋ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ይህቺ ልጅ ክፉ አይደለችም። ሱሪ ታቅፌ የቀረሁት እኔ ምኔ ከሷ ይሻላል?

በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። ወንድሜ ዓይኑን እያርገበገበ ልጁን ትክ ብሎ አያት።

«ከስተሻል» አላት።

መምህሩ ዕቅዱን አጽድቆላቸዋል፤ ጓደኞቿም ፊልሙ በዚያ በአባትና በልጅ ንግግር ይጀመር ብለው ያዙ። ሳታስፈቅድ አይሆንማ፣ ሱቅ መጥታ አባቷን ጠየቀችው።

«የኔን ድምፅ ውሰጂ» አለ። «ያንቺን እሺ ግን አውጪው። ሰው ጨካኝ ናት ይልሻል።»

«እሱን ካወጣሁትማ ፊልሙ ምን ቀረው?»

ብረት መበየጃውን አስቀመጠ። «እንግዲያው አንዷን ብቻ አድርጊ» አላት እንደ መለመን ብሎ። «ሦስቱንም አታሰሚያቸው።»

እሷ ግን ሦስቱንም አስገባቻቸው።