ፎቶው ላይ ያልነበረው ሰው

ዛሬ እዚህ ላክ በሚባለው ሰፈሬ የሥዕል ብሩሼን በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ሳጥብ ሽታው ሮተርዳም ዙይድ ሰፈር ወዳደግኩበት ቤት ወሰደኝ።

አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፤ ሮተርዳም መጥቶ ቢሮ ያጸዳ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጥንት የአሜሪካ ባቡሮችን ከፎቶ እያየ ይስላል። አንድ እሁድ ከመንኮራኩሩ አጠገብ የመንኮራኩር ቅባት፣ የግራሶ ጣሳ የያዘ ሰው ጨመረ።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ፎቶው ላይ እኮ የለም» አልኩት።

«ፎቶ አንሺው ሲመጣ ሥራ ላይ ነበር» አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

ራሱን እንደሳለ ያኔ አልገባኝም። እኔም ግን ባቡር በሳልኩ ቁጥር ያንን ሰው ከነጣሳው ሳላቆም አልጨርስም።

ልጄ የዛሬውን ሥዕል እያየች «ይሄ ማነው?» አለችኝ።

«አያትሽ።»

«አሜሪካ ነበር እንዴ?»

«አልነበረም። ባቡሩ ግን ያለሱ አይነሳም» አልኳት።