የዘንዶው ግራ ዓይን

የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ የማንንም ቦርሳ ዳበስ አድርጎ ያሳልፋል። ባለ ሰባት ቅጹን የዘንዶ ልብ ወለድ የተዋሰ ሰው ግን አለቀለት። ጥበቃው ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ በክር የታሰረ መነጽሩን ሰክቶ መጽሐፉን "ይፈትሻል"፤ አንድ ገጽ፣ ሲደላው ሁለት። ስድስቱን እንዲህ ቆሞ ጨርሷል።

"በሦስተኛው ቅጽ የዘንዶው ግራ ዓይን ጠፋ። በአምስተኛው በዚያው ዓይን ልዕልቲቱን ይጠቅሳል። ደራሲው ረስቶታል፤ እኔ ግን አልረሳሁም" ይላል፣ ሰልፉ እያጉረመረመ።

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛውን ተዋስኩ። አየውና ሳይገልጠው መለሰልኝ።

"ዘንዶው ከተረፈ ስትመልሰው ንገረኝ፣ ልጄ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከሞተ ግን ሰላም ሳትለኝ እለፍ።"

ይኸው ዛሬ ጨርሼው፣ ቤተ መጻሕፍቱ የጓሮ በር ይኖረው እንደሆነ እያጠያየቅሁ ነው።