ስልቹዋ ባለወፍጮ

ድሃ ቢሰለቸው ችግሩ ነው ይባላል፤ ባለ ንብረት ቢሰለቸው ግን ጥጋብ ነው። እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ልትጠይቀኝ ገንዳ ውሃ ከተማ መጥታ፣ ወፍጮ ቤቴ ደጅ ላይ፣ እኛ ራኩባ ከምንለው የሣር ዳስ ጥላ ሥር ጉንጬን ደግፌ አገኘችኝ።

"ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?"

"ኧረ ሰልችቶኝ ነው።"

አማተበች። "ጥጋብ ነው! ጠበል ግቢ!" አለችኝ።

ወፍጮው እንኳ በጥጋብ የመጣ አይደለም። እዚሁ ገንዳ ውሃ፣ ከደጋ ለአጨዳ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ሽሮ እየሠራሁ ስሸጥ ኖሬ፣ ዓይኔ በጭስ እስኪጠፋ ያጠራቀምኩት ነው። ባለቤቴ የራሱ ማሳ አለው፤ ወፍጮው ግን የኔ ነው። ሞተሩን ከጎንደር ሳስመጣ ጭነት መኪናው ላይ አብሬው ተቀምጬ ነው የመጣሁት፤ ከዓይኔ እንዲጠፋ አልፈለግሁም። መብራት ይገባል አይገባም፣ ሰው ይመጣል አይመጣም እያልኩ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ። ከዚያ መብራቱ ገባ፤ ሰውም መጣ። የኔ ሥራ እዚያው ላይ አለቀ።

ገበያ እያለ ይሰለቻል ወይ ለሚለኝ፣ እንዴታ! ማሽላ ይመጣል፣ ዱቄት ይሄዳል። ጆንያዎቹ ተራ ይይዛሉ፣ ባለቤቶቻቸው ጥላ ፍለጋ ይበተናሉ። የቀጠርኩት ፈጪ ጎበዝ ስለሆነ የሚጠይቀኝ ነገር የለም። ለኔ የቀረኝ መቀመጥ ብቻ ነው። ግድግዳውን አረንጓዴ አስቀባሁት፤ አስጠላኝና በሰማያዊ አስደገምኩት። ሚዛኑን ከበሩ አንስቼ ጓዳ አስገባሁት፤ ተራው ሁሉ ተደበላልቆ ሴቶቹ ሲጮሁብኝ ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ደግሞ ፈጪውን በየደቂቃው "ሞተሩ አልጋለም?" ማለት አመጣሁ። ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ እሱም አንድ ቀን "እትዬ፣ ቤት ሄደው ትንሽ ቢያርፉስ?" አለኝ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚባለው እኔን አይቶ ነው።

በመጨረሻ መድኃኒት ያልኩትን አገኘሁ፤ ወፍጮውን ሸጬ ሰሊጥ ልነግድ። በኛ አገር ሰሊጥ የማይነግደው እንኳ ወሬው ሰሊጥ ነው። ጠዋት የወጣ ዋጋ ማታ ይወርዳል። ሰው ዘንድሮ ቤት ይሠራል፣ ለከርሞ ያንኑ ቤት ይሸጣል። መኖር ማለት ይህ ነው አልኩ። ለባለቤቴ ስነግረው "ያንቺ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

የነገርኩት ደላላ ገዢ ለማምጣት አልዘገየም። ሰውየው በዕድሜ ከአባቴ የማያንሱ፣ አብደራፊ ላይ የታወቁ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። በዋጋ ተስማማን። በደላላውና በአንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ፊት "እሸጣለሁ" አልኩ። ሰውየው ቀብድ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ።

"አንድ ቀን አብሬሽ ልዋል። ወፍጮ ውሎው ታይቶ ነው የሚገዛ።"

በማግስቱ መጡ። ወንበሬን ለቅቄላቸው እኔ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ውሎዬን አይተው እንዳይሸሹ ፈርቼ፣ ስለ ሞተሩ ጉልበትና በአጨዳ ሰሞን ባለ ትልልቅ እርሻዎቹ ለሠራተኛ ቀለብ ስለሚያስፈጩት ማሽላ እየጮህኩ አስረዳቸው ጀመር። ወፍጮ ቤት ሳይጮሁ መነጋገር የለም። እሳቸው ግን አልሰሙኝም። መጀመሪያ ጭናቸው ላይ ያስቀመጧቸውን ሁለት ስልኮች በየጊዜው ሲያገላብጡ ቆዩ። ቀስ በቀስ እጃቸው አረፈ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ ራሳቸው ዘንበል አለ። ተኙ።

እንደዚያ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም። ጡት ጠግቦ እንደተኛ ሕፃን አፋቸው ተከፍቶ፣ ዱቄቱ ሽበታቸው ላይ እያረፈ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ሳይቀሰቅሳቸው ተኙ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እየተጠቃቀሱ ሳቁ። አንዷ ዝንብ እንዳያስቸግራቸው ነጠላዋን ፊታቸው ላይ ጣል አደረገች። እኔ አልሳቅሁም። አገር የሚያውቃቸው ሀብታም፣ አልጋ አጥተው ነው የኔ የላስቲክ ወንበር ላይ የሚተኙት?

ስልኩ ጮኸ። ከመንቃታቸው በፊት እጃቸው ደረታቸውን ያዘ። ነጠላው ከፊታቸው ሲወድቅ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይለዩኝ "ስንት ገባ?" አሉኝ።

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"ሰሊጡ ነዋ! ስንት ገባ?"

ያኔ ነገሩ ገባኝ። እኔ የሰለቸኝን ሰላም ሰውየው በገንዘባቸው ሊገዙት መጥተዋል። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ የሽሮ ዘመን አሳልፌ ሰጥቼ የሳቸውን ድንጋጤ ልገዛ ነው። ግን ምን ልበል? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሽማግሌው ወደ ማታ ቀብድ ሊያስጨብጡን ይመጣሉ። ቃሌን ባጥፍ ገንዳ ውሃ ውስጥ ማን ያምነኛል?

"ጋሼ፣ አልሸጥም" አልኩ።

አልሰሙኝም። ጆሯቸውን አስጠጉ። ደገምኩት፤ አሁንም ወፍጮው ዋጠው። እንደገና ባለ በሌለ ጉልበቴ ስጮኽ፣ ፈጪው ጆንያ ሊቀይር ወፍጮውን አጠፋ።

"አልሸጥም!"

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ፈጪው ዱቄት የለበሰ ፊቱን በበሩ ብቅ አደረገ። ነጠላ ያለበሰቻቸው ሴትዮ "እሰይ! አዲስ ሰው ገብቶ ዋጋ ይጨምርብናል ብዬ ስሰጋ ነው የዋልኩት" አለች። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰውየው ግን ሳቁ። ዱቄቱን ከራሳቸው ላይ እያራገፉ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"እንዲህ ተኝቼ አላውቅም" አሉኝ። "የተኛሁ ግን ወፍጮው የኔ ስላልሆነ ነው። ነገ የኔ ቢሆን ሞተሩ ባሳለ ቁጥር ብድግ ማለቴ አይቀርም። አመል ነው ልጄ፤ ቦታ ቢቀይሩለት አይለቅም።" ከዚያም "ለሽማግሌው እኔ እነግራቸዋለሁ። የተውሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ አንቺ ዝም በይ" አሉ።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በትከሻዬ ይዘው አነሱኝ። ከላዬ ላይ ኩንታል ማሽላ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰልችቶኝ አያውቅም ብል እዋሻለሁ። ይሰለቸኛል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ። አሁን ግን ግድግዳም አላስቀባ፣ ፈጪውንም አልነዘንዝ። ስልቸታው ሲመጣብኝ እንደ ዘመድ አስቀምጬው አብረን እንውላለን፤ ሲመሽ እሱም ይሄዳል።

አልሸጥም ያልኩ ዕለት ማታ ቤት ስደርስ ባለቤቴ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

"እህ፣ ምን ተፈጠረ?" አለኝ።

"ምንም። ነገም ወፍጮ ቤት ነኝ።"

የበሩ ደፍ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። "ተመስገን" አለ፤ ደግሞ ደጋግሞ አለው። ያን ሰሞን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰው ሰውዬ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አየሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"እንዲህ ከሆንክ ምነው አትሽጪ ሳትለኝ?" አልኩት።

"ብልሽማ ኖሮ" አለኝ፣ "በዚያው ቀን ትሸጪው ነበር።"