ባንክ ትሠራለች የተባለችው ያለምወርቅ

ያለምወርቅ አልዋሸችም። ዝም ነው ያለችው። ባሕር ማዶ፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሥራ የገባች ሰሞን፣ ነጭ ሸሚዟንና ጥቁር ሰደርያዋን እንደለበሰች ማኅበር ሄደች። እትዬ ቦጋለች ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና «አንቺ ልጅ፣ የት ገባሽ?» አሏት።

«መስኮት ላይ ነኝ። ብር እቀበላለሁ፣ ብር እከፍላለሁ።»

«ባንክ!» አሉና እልል አሉ። በቃ። እትዬ ቦጋለች ባንክ ካሉ ማን ይመልሳቸዋል? ያለምወርቅም ዝም አይነቅዝም ብላ ቀረች።

ሥራዋ የፈረስ ውርርድ መቀበል ነው። አምስት ቁጥር ያሸንፋል ያለ ሰው ገንዘቡን ይሰጣታል፣ ቲኬት ትቆርጥለታለች፣ ፈረሱ ከቀናው ትከፍለዋለች። ቤተክርስቲያን ደጃፍ ይህን ቁማር ይሉታል። እሷም አንዳንድ ቀን ይከብዳት ነበር፤ የቤት ኪራዩን ይዞ የመጣ ሰው ፊቱ ያስታውቃል። «ዛሬስ ወደ ቤትህ ብትገባ» ብላ የመለሰቻቸው አሉ፣ አለቃዋ አይስማ እንጂ። ቢሆንም ሥራውን ትወደዋለች። በእረፍቷ አጥሩ ድረስ ወርዳ ፈረሶቹ መሬት እያንቀጠቀጡ ሲያልፉ ስታይ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሕፃን ትሆናለች።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት መጀመሪያ ላይ ነገር ተበላሸ። ተወራራጁ ወደ አዲሶቹ ካዚኖዎች ነጎደ፤ መንግሥት ከእያንዳንዱ ውርርድ የሚቆርጠው ታክስ ግን እንዳለ ነው። መስኮቶቹ እየተዘጉ ሄዱ። ከጎኗ ያለው መስኮት ላይ የሚሠራው ሊዮ የሠራተኞቹ ተጠሪ ነበር።

«ታክሱ ካልተቀነሰልን ሁላችንም መባረራችን ነው» አላት። «ሐሙስ የመንግሥት ሰዎች ስብሰባ ጠርተዋል። አንቺ ተናገሪልን፣ አንቺ አፍ አለሽ።»

«ቴሌቪዥን ይመጣል?»

«ይመጣል እንጂ!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። ወዳጇ ጸዮን ሴት ልጅ ወልዳ፣ ሰማንያ ቀኗ እሑድ ይሞላል፤ ክርስትና እናቷ ያለምወርቅ ናት። የራሷ ልጅ የላትም። ለሕፃኗ ነጭ ልብስ ገዝታ፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ያለው አፓርታማዋ ውስጥ በየማታው እያወጣች ታየው ነበር። አሁን ዜና ላይ ታይታ «ቁማር አስቆማሪ ክርስትና ታነሳለች ወይ?» ቢሉስ? ጸዮን ልጇን ብትነሳትስ? ዝም ካለች ደግሞ እንጀራዋ መሄዱ ነው።

ሐሙስ እስኪደርስ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ሄደች ግን።

ከሷ በፊት አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ተነስቶ «ሆስፒታል በጀቱ እየተቀነሰ ለፈረስ ድጎማ?» ብሎ ተጨበጨበለት። ምን ይባላል፣ እውነት አለው። ያለምወርቅ ተራዋ ደርሶ ቆመች። የተጻፈላትን ንግግር ትታ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ጀመረች።

«እኔ መስኮት ላይ ውርርድ የምቀበል ሴት ነኝ። ከኋላዬ ፈረስ የሚያጥብ፣ ኮቴውን ብረት የሚያለብስ፣ ጭድ የሚያመጣ ገበሬ አለ። ሰው በተወራረደ ቁጥር መጀመሪያ ድርሻውን የሚያነሳው መንግሥት ነው። ስናገኝ አብሮን በላ። ስናጣ ዞር ማለትን ከየት አመጣው? ሥራው ኃጢአት ከሆነ አብረን ንስሐ እንግባ! እንጀራ ከሆነ ደግሞ ጉርሻችሁን አሳንሱልን!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ሰብሳቢው ራሱ አጎንብሶ ሳቀ። ማታ ዜናው ላይ ከነሰደርያዋ ወጣች፤ ከሥሯም «የውርርድ ሠራተኛ» የሚል ተጽፎ።

አርብም ቅዳሜም ስልኳ አልጮኸም። ጸዮን እንኳ አልደወለችም። እሑድ በጠዋት ነጭ ልብሱን በፌስታል ይዛ ቤተክርስቲያን ስትደርስ፣ እትዬ ቦጋለች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ነይ እስቲ ወዲህ! አንቺ ባንክ አትሠሪም?»

«አልሠራም፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ወይኔ ጉዴ! ልጄ መርዕድ ለቤት መግዣ ብድር ተከልክሎ፣ ያቺ እዚያው ቁጭ ብላ አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም ብዬ ስንት ዘመን ቂም ይዤብሻለሁ! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! እኔ ነኝ ይቅር በይኝ የምል!» ብለው አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። ያለምወርቅ ልሳቅ ላልቅስ አጣች።

ታክሱ በዚያው ዓመት ተቀነሰ፣ የእሷም መስኮት አልተዘጋም። ያን ጠዋት ግን ይህን ማን ያውቃል? ዓይኗ ጸዮንን ነበር የሚፈልገው።

ጸዮን ሕፃኗን ታቅፋ ከውስጥ ወጣች። ፊቷ ኮስተር ብሏል።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አለቻት።

«ልጅሽን እንዳትነሺኝ ፈርቼ።»

«አንቺ ሞኝ! ክርስትና እናት እኮ አፍ ለሌላት ልጅ የምትናገር ናት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲያ ስትናገሪ ካየሁ በኋላ ማንን ልፈልግ ኖሯል?» ሕፃኗን ክንዷ ላይ አስቀመጠችላት።

ሥርዓቱ ተጀመረ። ካህኑ ሕፃኗን እያዩ ሰይጣንን ትክድ እንደሆነ ጠየቁ። ያለምወርቅ በሕፃኗ ፈንታ «እክዳለሁ!» አለች፣ ድምፅዋ እስከ ደጅ እየተሰማ።